ጅማ ላይ ለወራት ተቀምጦ ከርቀት ለመሥራት፦ መብራት፣ መስመር፣ ቤትና የሥራ መሣሪያ በንጽጽር

ጅማ ለሦስት ወይም ለስድስት ወር ተቀምጦ ከርቀት ለሚሠራ ሰው የምትመች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ቀኑ አያቃጥልም፤ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም አውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ስለሆነች ኮምፒውተር ጠጋኝና ማተሚያ ቤት ፍለጋ ብዙ አያስኬድም። ሥራ የሚያበላሸው የዝግጅቱ ቅደም ተከተል ነው። አብዛኛው ሰው በደላላ ቤት ያያል፣ ቀብድ ይከፍላል፣ ከገባ በኋላ ስለ ኢንተርኔት ያስባል፣ መብራት የሄደ ዕለት ደግሞ ባትሪ ፍለጋ ይወጣል። ይህ ተገልብጦ መሠራት አለበት። መብራቱ ይቅደም፣ የኢንተርኔት መስመሩ ይከተል፣ ቤቱ በመጨረሻ ይመረጥ።

በምን እናወዳድር?

የመጀመሪያው መለኪያ እያንዳንዱ አማራጭ በምን ምክንያት እንደሚቋረጥ ማወቅ ነው። በአንድ ምክንያት አብረው የሚጠፉ ሁለት ነገሮች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ከአንድ ድርጅት የተገዙ ሁለት ሲሞች መጠባበቂያ አይሆኑም፤ የኔትወርክ ምሰሶው ሲጨናነቅ ሁለቱም ይንቀራፈፋሉ። የቤት ፋይበርና ከሶኬት ብቻ የሚሠራ የሲም ራውተርም እንደዚያው ናቸው፤ መብራት ሲሄድ አብረው ይጠፋሉ።

ሁለተኛው የደንበኛዎ ወይም የአሠሪዎ ሰዓት ነው። ጀርመን ላለ ድርጅት የሚሠራ ሰው በእነሱ በጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሠራል፤ በእነሱ ክረምት ደግሞ አንድ ሰዓት ወደኋላ ገፍቶ 5 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ከኒውዮርክ ጋር የሚሠራ ሰው ግን በእነሱ በጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው የሚሠራው። ይህ ማለት ሁሉም ቤት ምድጃውን የሚለኩስበትና ተማሪው ሁሉ ስልኩን ይዞ የሚቀመጥበት ሰዓት ለእሱ የሥራ ሰዓቱ ነው። ለጀርመኑ ሠራተኛ የሚበቃ ዝግጅት ለእሱ አይበቃም።

ሦስተኛው ከወጪው ምን ያህሉ ሲለቁ እንደሚመለስ፣ አራተኛው ደግሞ ዕቃው ሻንጣ ውስጥ የሚገባ መሆኑ ነው። ከጅማ ቀጥሎ ወደ ሌላ ከተማ ለሚሄድ ሰው 30 ኪሎ ባትሪ ሸክም ነው።

መብራት

መብራት የሚሄደው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ሰፈሩ በሙሉ የሚጨልምበት ጊዜ አለ። ከሦስቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ (ፌዝ) አንዱ ብቻ ሄዶ የጎረቤት መብራት እየበራ የእርስዎ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ሦስተኛው ደግሞ ግቢው ውስጥ ብቻ ብሬከር ሲወርድ ነው፤ ይሄ በሰርቪስ ቤት ተከራዮች ላይ ይበዛል። ሰርቪሱ ብዙ ጊዜ መብራት የሚያገኘው ከዋናው ቤት ቆጣሪ በተሳበ ቀጭን ሽቦ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ይሆናል። ምጣዱ ግሎ ሳለ ምድጃ ወይም ካውያ ሲጨመርበት ባለ 20 አምፒር ብሬከር ይወርዳል። ባይወርድ እንኳ አምፖሉ ሲደበዝዝ ይታያል። ስለዚህ ቤት ሲያዩ ባለቤቷን «እትዬ፣ እንጀራ የሚጋገረው በየትኛው ቀን ነው? ሰርቪሱ የራሱ ብሬከር አለው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የራሱ ብሬከር ከሌለው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማስለየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከአከራዩ ጋር ውል ከመፈረሙ በፊት ይነጋገሩበት።

ምን ያህል ጉልበት እንደሚያስፈልግ ሳያሰሉ ዕቃ አይግዙ። በሥራ ላይ ያለ መካከለኛ ላፕቶፕ 40 ዋት፣ ራውተር 10 ዋት ይበላል ብንል በጠቅላላ 50 ዋት ነው። ስድስት ሰዓት ለመሥራት 300 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ አማራጭ በዚህ ልክ ሲመዘን እንዲህ ይሆናል።

*ፓወር ባንክ።* 20,000 ሚሊአምፒር የሚል ጽሑፍ ያለበት ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ነው። ወደ ላፕቶፕ ሲሻገር የሚባክነው ተቀንሶ 60 ያህሉ ይደርሳል፤ ላፕቶፕ ብቻውን አንድ ሰዓት ተኩል ያሠራል። ገዢዎች የሚሳሳቱት ሚሊአምፒሩን አይተው ዋቱን ሳያዩ ሲቀሩ ነው። ገበያ ላይ የሚበዛው 22.5 ዋት የሚያወጣ የስልክ ፓወር ባንክ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ቢሰኩት ወይ አይሞላም ወይ ባትሪው እየወረደ ይቀጥላል። 65 ዋት የሚልና በታይፕ ሲ የሚያወጣ መሆን አለበት፤ ላፕቶፕዎም በታይፕ ሲ የሚሞላ መሆኑን ያረጋግጡ። በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ወሰኑ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ይህም 27,000 ሚሊአምፒር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ፓወር ባንክ ምንጊዜም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

*ዩፒኤስ።* የተለመደው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጡ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሆነች ትንሽ ባትሪ ናት ያለችው፤ 84 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ራሱ ማሽኑም ስለሚበላ 50 ዋት ጭኖ ከግማሽ ሰዓት እስከ 45 ደቂቃ ቢያቆይ ነው። የተሠራው ዴስክቶፕ በሥርዓት እንዲዘጋ ጊዜ ለመስጠት እንጂ ቀኑን ሙሉ ለማሠራት አይደለም። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ይህ ዕቃ ለላፕቶፕ ሠራተኛ ብዙም አይጠቅምም። ስታብላይዘርም እንዲሁ። የላፕቶፕ ቻርጀር ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ከተጻፈ ማታ ማታ ኃይሉ ሲወርድ ችግር አይደርስበትም። የሚጎዳው መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚወረወረው ከፍተኛ ቮልት ነው። መብራት ሲሄድ ከሶኬት ይንቀሉ፣ ከመጣ በኋላ 10 ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩ። ነጎድጓድ ሲጀምርም እንዲሁ ያድርጉ።

*የራውተር ዩፒኤስ።* የሳሙና መያዣ የምታክል፣ በ12 ቮልት ቀጥታ ራውተሩን የምታበራ ሳጥን ናት። 8,800 ሚሊአምፒር የሚል ካለባት 32 ዋት ሰዓት ያህል ትይዛለች፤ ራውተሩን ሦስት ሰዓት ታቆያለች። ከሁሉም ዕቃ በላይ የምንመክረው ይህችን ነው። በቤት ፋይበር ላይ መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ የራስዎ ራውተር ነው እንጂ መስመሩ አይደለም። ስትገዙ የራውተሩን ቮልትና የሶኬቱን ጫፍ መጠን ይዛችሁ ሂዱ፤ የፋይበሩ ሳጥንና ዋይፋዩ የተለያዩ ዕቃዎች ከሆኑ ሁለት መውጫ ያላት ትሁን።

*ባትሪና ኢንቨርተር።* ኢንቨርተር የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚለውጥ ዕቃ ነው። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ነው፤ ነገር ግን ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር 600ው ብቻ ይታሰብ። የኢንቨርተሩ ብክነት ሲቀነስ 500 ገደማ ይቀራል፤ ለ50 ዋት 10 ሰዓት ማለት ነው። ተመሳሳይ መጠን ያለው የሊቲየም ፎስፌት ባትሪ ከዚያ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ይሰጣል፤ ክብደቱም ከግማሽ በታች ነው፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። ኢንቨርተሩ «ፒዩር ሳይን» ይሁን፤ ርካሹ ዓይነት ቻርጀሩን ያግለዋል፣ ድምፅ ያሰማል። የሚረሳው ነገር መሙያው ነው። 10 አምፒር የሚሞላ ቻርጀር ግማሽ የወረደ ባትሪ ለመሙላት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል። መብራት ለጥቂት ሰዓት ብቻ እየመጣ የሚሄድበት ሳምንት ከገጠመ ባትሪው ሳይሞላ ይውላል፣ ሳይሞላ የቆየ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ሰልፌት ይጋገርበትና ይሞታል። ውኃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ መኝታ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ።

*ጄኔሬተር ያለው ሆቴል።* ጄኔሬተር አለ መባሉ አይበቃም። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው? የመኝታ ክፍሉን ሶኬት ያካትታል ወይስ ኮሪደሩንና እንግዳ መቀበያውን ብቻ? ራውተሩስ ላይ ዩፒኤስ አለ? ዩፒኤስ ከሌለ ጄኔሬተሩ በተነሳ ቁጥር ዋይፋዩ ጠፍቶ እስኪመለስ አምስት ደቂቃ ይሄዳል፤ ለስብሰባ አምስት ደቂቃ ብዙ ነው።

መስመር

የሚፈለገው ፍጥነት ሰዎች እንደሚያስቡት ትልቅ አይደለም። ለቡድን የቪዲዮ ስብሰባ በመላክም በመቀበልም 4 ሜጋቢት በሰከንድ ይበቃል። ሰው ሁሉ ግን የሚለካው የመቀበያውን ነው፤ ስብሰባ ላይ ድምፅዎን የሚቆራርጠው የመላኪያው ማነስ ነው። ከሁለት ድርጅት የተገዙ ሁለት ሲሞች ይዘው ወደሚታየው ቤት ይሂዱ፤ ጠረጴዛው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ በሩን ዘግተው ይለኩ። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እና ማታ 3 ሰዓት ይለኩ። የማታው ከጠዋቱ ግማሽ በታች ከሆነ ምሰሶው ተጨናንቋል ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ዙሪያ ማታ ማታ ይህን መጠበቅ ተገቢ ነው።

ሥራው የሚበላውን ጊጋ ቀድመው ያስሉ። ፊት እየታየ የሚደረግ ስብሰባ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ጊጋ ይፈጃል፤ በድምፅ ብቻ ከሆነ ከ100 ሜጋ አይበልጥም። በቀን ሁለት ሰዓት ቪዲዮ፣ በወር 22 ቀን፣ ከ44 እስከ 88 ጊጋ ማለት ነው። ያልተገደበ የሚባል ጥቅል ሲገዙ ከስንት ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ እንደሚወርድ ይጠይቁ። ላፕቶፑ ላይ ሆትስፖቱን «የተመጠነ ግንኙነት» ብለው ካላስቀመጡት አንድ የዊንዶውስ ማሻሻያ ሳይነግርዎ ብዙ ጊጋ ይጨርሳል።

የቤት ፋይበር ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ ለሚቀመጥ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ጊጋ አያስቆጥርም፣ መላኪያውም ጥሩ ነው። የሚቋረጠው በመንገድ ቁፋሮ፣ በወደቀ ምሰሶና በራስዎ መብራት ነው። ገመድ ሲበጠስ ጥገናው ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ብቻውን አይበቃም። ከማመልከትዎ በፊት በሰፈሩ ክፍት ቦታ መኖሩን በኢትዮ ቴሌኮም 994 ወይም በቅርንጫፍ ይጠይቁ፤ መስመሩ በማን ስም እንደሚወጣም ከአከራዩ ጋር ይወስኑ። በአከራዩ ስም የነበረ ዝግጁ መስመር ካለ ውዝፍ ሂሳብ እንደሌለበት ይዩ።

የስልክ ሆትስፖት ለአጭር ቆይታ ይበቃል፤ ስልኩ ግን ይግላል፣ ባትሪው ሊያብጥ ይችላል፣ ሲደወልልዎ ዳታው ሊቋረጥ ይችላል። በሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው ሲም የሚገባበት ትንሽ ራውተር ይሻላል፤ ከሶኬት ብቻ የሚሠራውን ሳይሆን የራሱ ባትሪ ያለውን ይምረጡ። መስኮት ላይ ሲቀመጥና ግድግዳ ጥግ ሲቀመጥ የሚሰጠው ልዩነት በጣም የሰፋ ነው።

ጥሩው ጥምረት 09 እና 07 ነው፤ አንድ የኢትዮ ቴሌኮም፣ አንድ የሳፋሪኮም። ሳፋሪኮም ወደ አገሩ ገበያ የገባው በ2022 በፈረንጆች ስለሆነ የሽፋኑን ሁኔታ በሰፈር ደረጃ ራስዎ ይለኩ። አንዳንድ ቦታ ሁለቱ አንድ ምሰሶ ላይ ስለሚሰቀሉ መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ የምሰሶው ባትሪ ሲያልቅ አብረው ሊደክሙ ይችላሉ። ፋይበር ሦስተኛ ሆኖ የሚያድነው እዚህ ላይ ነው።

ቤት

በወር የሚከራይ ፔንሲዮን ወይም ሆቴል ለመጀመሪያው ወር ትክክለኛ ምርጫ ነው። ቀብድ የለውም፤ ከተማውን እየለኩ ይቆዩበታል። ጉዳቱ ዋይፋዩ የጋራ መሆኑና ጠረጴዛና ወንበር አለመኖሩ ነው። አልጋ ላይ ተቀምጦ ስምንት ሰዓት መሥራት በሁለተኛው ሳምንት ወገብ ያሳምማል።

የግቢ ሰርቪስ ርካሽ ነው፤ የብሬከሩን ጉዳይ ከላይ አይተናል። የጅማ ዝናብ ረጅም ስለሆነ ሁለተኛ ጥያቄ አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ኮርኒስ ከሌለው ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሲወርድ ስብሰባ ላይ ድምፅ አይሰማም፤ አፍ አጠገብ የሚመጣ ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ይረዳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያድንም። የኮርኒስ ቤት፣ ከዚያ የተሻለው ደግሞ የፎቅ ቤት ነው። ፎቅ ላይ ኔትወርኩም ይሻላል። እርጥበቱ የሚበዛበት ክፍል ካሜራና ዲስክ ስለሚያሻግት ግድግዳው ከታች የጠቆረ ቤት ይለፉ። መርካቶ አካባቢ የሚከራይ ሰው ሐሙስን ያስብበት፤ ትልቁ የገበያ ቀን ነው። ዓርብ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለጁምዓ ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ ካርድም ዕቃም ከዚያ በፊት ይገዛል።

የዘመድ ቤት ከሁሉ ርካሽ ነው፤ ዋጋው በሌላ መንገድ ይከፈላል። ቤት የተቀመጠ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል፤ እንግዳ ሲመጣ ሰላም ማለት፣ ቡናው ሲፈላ እስከ በረካ መቀመጥ ግድ ነው። በረካ ሳይጠጡ መነሳት ቅር ያሰኛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «አክስቴ፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሰው ፊት ነኝ፤ ቡናውን 10 ሰዓት አብረን እንጠጣ» ብሎ በሰዓት መናገር ይሻላል። ሰዓቱ ከታወቀ ቤተሰቡ ራሱ ይጠብቅልዎታል።

የሥራ መሣሪያና ሰዓት

መሣሪያ ሲመረጥም ያው መለኪያ ይሠራል፤ መስመር ሲቋረጥ ሥራው ይቆማል? በኢንተርኔት ብቻ የሚከፈት ሰነድ ይቆማል። በላፕቶፑ ላይ ተቀምጦ መስመር ሲመጣ የሚላክ ይቀጥላል። ጎግል ዶክስን ያለ መስመር እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ማስተካከያው መስመር እያለ፣ በክሮም ላይ፣ ለሚፈለገው ፋይል አስቀድሞ መበራት አለበት። ትልልቅ ፋይል ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ይላክ። የወረቀት ደብተር የዕለቱን ሦስት ሥራ ለመያዝ ከማንኛውም አፕ አያንስም፤ ቀጠሮ ግን አያስታውስም።

ቀጠሮ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከሁሉ ያሳፍራል። የስልኩ ካሌንደር በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ይቀመጥ፤ የእኛን አቆጣጠር በማስታወሻው ላይ ይጻፉት፦ «16:00፣ ከቀኑ 10 ሰዓት»። አውሮፓ ሰዓቷን የምትቀይረው በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ በሚውለው እሑድ ነው፤ አሜሪካ ደግሞ በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ትቀይራለች። ለሁለቱም የሚሠራ ሰው በማርች ውስጥ ለሁለትና ሦስት ሳምንት አንዱ ተቀይሮ ሌላው ሳይቀየር ይቆያል። ኪራይ የሚከፈለው በእኛ ወር ነው፤ የእኛ ወር በፈረንጆቹ ወር ከ7 እስከ 12 ባለው ቀን ይጀምራል። ደመወዝ በፈረንጆች ወር መጨረሻ የሚገባለት ሰው የኪራዩን ብር ያን ሁሉ ቀን ሳይነካ ማቆየት አለበት።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የሚቋረጥበት ምክንያት | የሚያቆየው | ለጉዞ | ሲለቁ |
|---|---|---|---|---|
| ፓወር ባንክ 65 ዋት | ሳይሞላ ከቀረ | ላፕቶፕ 1 ሰዓት ተኩል | ይመቻል | ይዘውት ይሄዳሉ |
| ዩፒኤስ 650 ቪኤ | ባትሪው ሲያረጅ | እስከ 45 ደቂቃ | ይከብዳል | በቅናሽ ይሸጣል |
| የራውተር ዩፒኤስ | ቮልቱ ካልገጠመ | ራውተር 3 ሰዓት | ይመቻል | ይዘውት ይሄዳሉ |
| እርሳስ ባትሪ 100 አምፒር ሰዓት | መሙያ ጊዜ ሲያጥር | 10 ሰዓት ያህል | አይሆንም | በቅናሽ ይሸጣል |
| ሊቲየም ፎስፌት 100 አምፒር ሰዓት | መሙያ ጊዜ ሲያጥር | ወደ 19 ሰዓት | በመኪና ብቻ | ዋጋ ይይዛል |
| የቤት ፋይበር | ቁፋሮ፣ የቤት መብራት | ጊጋ አይቆጠርም | አይሆንም | ይዘጋል ወይም ይዛወራል |
| ባለ ባትሪ የሲም ራውተር | የማታ መጨናነቅ | ከ5 ሰዓት በላይ | ይመቻል | ይዘውት ይሄዳሉ |

ለማን የትኛው?

ኪሱ ጠባብ ለሆነ፣ ጽሑፍ ለሚተረጉም ወይም ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለሚገለብጥ ሰው 65 ዋት ፓወር ባንክ፣ ሁለት ሲም እና ከሰርቪስ ቤት የራሱ ብሬከር ያለው ይበቃል። ብሩ ከተረፈ ባትሪ ከመግዛት ወንበር ይግዛ።

ከአውሮፓ ጋር በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ስብሰባ ያለው ሰው፣ ስድስት ወር የሚቀመጥ ከሆነ፣ ፋይበር ያስገባ፤ ራውተሩን በትንሿ ዩፒኤስ ይደግፍ፤ መጠባበቂያው ባለ ባትሪ የሲም ራውተር ይሁን። ለዚህ ሰው ትልቅ ባትሪ አያስፈልገውም።

ከአሜሪካ ጋር የሚሠራ ሰው ግን ትልቁን ባትሪ ሳይዝ ውል አይፈርም። ሥራው የሚወድቀው ምሽት ላይ ስለሆነ ፎቅ ቤት፣ ፋይበርና 09ም 07ም ያስፈልገዋል። አንድ ወር ብቻ የሚቆይ ከሆነ ጄኔሬተሩ ሌሊትም የሚነሳበትን ሆቴል ይፈልግ፤ ያጣ እንደሆነ የሥራ ሰዓቱን ወደ ጠዋት እንዲገፉለት አሠሪውን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

በየሁለት ወሩ ከተማ የሚቀይር ሰው ሻንጣው ውስጥ የማይገባ ዕቃ አይግዛ።

ሲለቁ ከመነሳትዎ ሁለት ሳምንት በፊት ፋይበሩን በጽሑፍ ያዘጉ ወይም ለሚመጣው ተከራይ ስሙን ያዛውሩ፤ ሳይዘጋ የቀረ መስመር በስምዎ ሂሳብ መቁጠሩን ይቀጥላል። ባትሪ የሚሸጥ ከሆነ ሙሉ አድርገው ለገዢው ላፕቶፕ ሰክተው ለአንድ ሰዓት ያሳዩት። የመብራት ቆጣሪውን ንባብ ደግሞ አከራዩ ባለበት ፎቶ ያንሱ።